የትምህርት ቤታችን በርና የሕፃኑ ድርሻ

በየዓመቱ የነሐሴ ዝናብ ጋብ ማለት ሲጀምር በካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን ደጃፍ ወላጆች ተሰልፈው ይታያሉ። የልደትና የክትባት ማስረጃ በእጃቸው ይዘው፣ አንዳንዶቹም ገና ሳይነጋ ተራ ይዘው፣ ልጃቸው ካሉት መቀመጫዎች አንዱን ያገኝ ዘንድ በተስፋ ይጠባበቃሉ። መቀመጫው የተወሰነ ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ አንዱ ይገባል፤ ሌላው ይመለሳል። ከሚመለሱትም መካከል የቀረበለትን ጥያቄ በቶሎ መመለስ ያልቻለው፣ ስሙን ሲጠሩት ዞር ያላለው፣ እርሳስ በጣቶቹ መያዝ የተሳነው፣ ወይም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣው የሰባት ዓመት ሕፃን ይገኝበታል። እናቱም «ይህ ልጅ ለእኛ ትምህርት ቤት አይሆንም» የሚል መልስ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህች እናት ከተቀበለችው መልስ የሚነሣ ነው። በክርስቶስ ስም የተከፈተ ትምህርት ቤት መቀመጫውን ለማን መስጠት ይገባዋል? ከሌሎቹ የበለጠ ድካምና ወጪ የሚጠይቀውን ሕፃን መመለስ የአቅም ጉዳይ ነው ወይስ የፍትሕ? ደግሞስ በሩን ከፍተን ካስገባነው በኋላ ግዴታችን በዚያው ይፈጸማልን?

ስለ እነማን ነው የምንናገረው?

«ልዩ ፍላጎት ያላቸው ሕፃናት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዓይነ ስውራንን፣ መስማት የተሳናቸውንና በእግራቸው መሄድ የማይችሉትን ነው። እነዚህ በእርግጥ ከመካከላቸው ናቸው። ነገር ግን ችግራቸው በውጭ የማይታይ ሌሎችም አሉ። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማና «ግድ የለሽ» እየተባለ የሚገሠጽ ልጅ አለ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የማይታየው፣ ነገር ግን ሌሎቹም እንዲሁ የሚያዩ ስለሚመስለው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ አለ። አእምሮው ንቁ ሆኖ ሳለ ፊደል ሲያነብ የሚምታታበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ኦቲዝም ያለበት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትና እንደ እኩዮቹ ፈጥኖ የማይረዳ ልጅም አለ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ እንደ ልማዱ ብቻ ከሠራ ሊማሩ አለመቻላቸው ነው። ትምህርት ቤቱ አሠራሩን ጥቂት ወይም ብዙ ከለወጠ ግን እያንዳንዳቸው እንደየዐቅማቸው መማር ይችላሉ።

የመግቢያ ፈተና ፍትሐዊ ነውን?

«እኛ ለማንም አናደላም፤ ሁሉንም ሕፃን አንድ ዓይነት ፈተና እንፈትናለን፤ ያለፈ ይገባል፤ የወደቀ ይመለሳል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አባባሉ ፍትሕ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀረብ ብለን ስንመረምረው የጐደለው ነገር አለ።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የአርስጣጣሊስን ትምህርት ተከትሎ እንዳስረዳው የጋራ የሆነውን ሀብት ለአባላት ማከፋፈል ራሱን የቻለ የፍትሕ ዓይነት ነው። በዚህ ፍትሕ እኩልነት ማለት ለሁሉ አንድ መጠን መስጠት ሳይሆን ድርሻው ከሚሰጥበት ምክንያት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ማድረግ ነው። ምክንያቱን ትቶ በሌላ ነገር የሚያከፋፍል ሰው «ለሰው ፊት ማድላት» የተባለውን ኀጢአት ይሠራል። እንግዲህ የትምህርት ቤት መቀመጫ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው? መቀመጫው ለሩጫ አሸናፊ የሚሰጥ ዋንጫ ቢሆን ኖሮ በፈተና መለየቱ ተገቢ በሆነ ነበር። ነገር ግን ወንበሩ የተዘጋጀው ገና የማያውቅ እንዲያውቅ ነው። ትምህርት የሚሰጠው ስለሚያስፈልግ ነው። እንዲህ ከሆነ የበለጠ የሚያስፈልገውን ሕፃን ስለሚያስፈልገው ብቻ የሚመልስ ፈተና መቀመጫው ከተዘጋጀበት ምክንያት ጋር ይጣላል።

በተጨማሪም የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃን ተፈትኖ የሚመዘነው በአመዛኙ ቤቱ ነው። መጽሐፍ ያለበት ቤት፣ ጊዜ ያላት እናት፣ መዋዕለ ሕፃናት የሚከፍል አባት ያለው ልጅ ቀድሞ ይገኛል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን እንግዳ በክብር ቦታ አስቀምጠው ድኻውን «አንተ ወደዚያ ቁም» የሚሉትን ምእመናን አጥብቆ ይወቅሳል። ነገሩ የተነሣው በመቀመጫ ምክንያት መሆኑን ልብ እንበል።

ስለ መክሊት የተነገረውን የጌታችንን ምሳሌም እናስታውስ። ጌታው ለአገልጋዮቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት እንደየዐቅማቸው ሰጣቸው። ሲመለስም አምስት ያተረፈውንና ሁለት ያተረፈውን ያመሰገነባቸው ቃላት አንድ ናቸው። ሁለት ያተረፈው «ለምን አምስት አላተረፍህም?» ተብሎ አልተጠየቀም። የተወቀሰው የተቀበለውን የቀበረው ብቻ ነው። አንድ ሕፃን የተቀበለውን ጥቂት መክሊት እኛ በሩን በመዝጋታችን ምክንያት ሳያወጣው ቢቀር የቀበረው ማን ነው ይባላል?

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

የቫቲካን ሁለተኛው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ እያንዳንዱ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የማይገሰስ የመማር መብት እንዳለው አስተምሯል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም በተለይ ሀብት የሌላቸውን፣ የቤተሰብ ድጋፍ የተለያቸውንና ከእምነት ስጦታ የራቁትን እንዲያስቡ አደራ ብሏል። ቅድስት መንበር ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ዓመት በሆነው እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባወጣችው ሰነድ የአካል ጉዳተኛው ሙሉ ሰብአዊ ክብርና መብት ያለው መሆኑን አጽንታለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ስለ ወንድማማችነት በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ብዙ የአካል ጉዳተኞች በገዛ አገራቸው እንደ ስደተኛ ተሰውረው እንደሚኖሩ አመልክተዋል።

ዓለማዊው ሕግም በዚህ ረገድ ወደ ኋላ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1994 ዓ.ም. በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ሁሉ እንዲያስተናግዱ ጠይቀዋል። ኢትዮጵያም በ2006 የጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች። ስምምነቱ በአንቀጽ 24 የመማርን መብት ሲያውጅ ለተማሪው የሚያስፈልገው ድጋፍ አብሮ እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ መንግሥታት በሕግ የተስማሙበትን ነገር እኛ በወንጌል የተጠራነው እንደ ትርፍ ልግስና ልንቈጥረው አይገባንም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ግን የሚያስደንቀን የቤተ ክርስቲያን የራስዋ ልማድ ነው። ቅዱስ ጲዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት ቁርባን ባወጡት ድንጋጌ ከሕፃኑ የሚፈለገው ረጅም እውቀት ሳይሆን በዐቅሙ መጠን ቅዱስ ቁርባንን ከተራ እንጀራ መለየት መሆኑን ወስነዋል። ከትምህርት ቤት ወንበር እጅግ ለሚልቀው ማዕድ እናት ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል በሩን ዝቅ ካደረገች፣ ፊደል ለማስቈጠር የምንከፍተው በር ከዚያ የጠበበ ሊሆን እንዴት ይችላል?

አባቶቻችን ያሳዩን መንገድ

በ4ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ዲዲሞስ የተባለ መምህር ነበር። በአራት ዓመቱ ገደማ የዓይኑን ብርሃን አጣ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቶቹ እየዳሰሰ ተማረ። ቅዱስ አትናቴዎስም የታወቀውን የእስክንድርያ የትምህርተ ክርስቶስ ቤት በኀላፊነት ሰጠው፤ ቅዱስ ሄሮኒሞስም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበር። ለአገራችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ያው ቅዱስ አትናቴዎስ መሆኑን ስናስብ፣ እምነታችንን የላከልን እጅና ዓይነ ስውሩን መምህር በወንበር ያስቀመጠው እጅ አንድ መሆኑን እንረዳለን።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ጴድሮ ጶንሴ ዴ ሌዮን የተባለ የቅዱስ ቤነዲክቶስ ማኅበር መነኩሴ መስማት የተሳናቸውን ልጆች አስተማረ። በዚያን ዘመን ብዙዎች እንዲህ ያሉት ልጆች ሊማሩ አይችሉም ብለው ያምኑ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አባ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ የተባለ ፈረንሳዊ ካህን በፓሪስ መስማት የተሳናቸውን ሕፃናት ሰብስቦ፣ በመካከላቸው የሚግባቡበትን ምልክት ራሱ ከእነርሱ ተምሮ አስተማራቸው። መምህሩ አስቀድሞ ተማሪ ሆነ። በዚያው ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያደገው ሉዊ ብሬልም እ.ኤ.አ. በ1829 ዓ.ም. ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ በጣት የሚነበበውን ጽሕፈት አሳተመ። ዛሬ የዓይነ ስውራን ፊደል በስሙ ይጠራል። ያን ልጅ የተቀበለ በር ባይገኝ ኖሮ የተጐዳው እርሱ ብቻ ባልሆነ ነበር።

የገዛ አገራችንም ጥንታዊ ጉባኤ ቤት ምስክር ነው። በዜማውና በቅኔው ቤት ትምህርቱ በቃል ስለሚሰጥ፣ ተማሪውም ከየኔታ አፍ ሰምቶ ስለሚያጠና፣ ዓይነ ስውራን ከዓይናሞች እኩል ተምረው መሪጌታ እስከ መሆን ደርሰዋል። የማስተማሪያው መንገድ ለእነርሱ ስለተስማማ ዕውርነታቸው ከመማር አላገዳቸውም። ያው ሰው በሰሌዳና በጠመኔ ብቻ ወደሚያስተምር ክፍል ቢገባ ግን «መማር የማይችል» ይባላል። ስለዚህ «ይህ ልጅ መማር አይችልም» ከማለታችን በፊት «እኛ በያዝነው መንገድ» የሚለውን መጨመር እውነተኛነት ይጠይቀናል።

ሦስት ተቃውሞዎች

በሌላ በኩል የትምህርት ቤት ኀላፊዎቻችን የሚያነሧቸውን ምክንያቶች መናቅ አይገባም። የሚናገሩት ከልምድ ነውና በቅንነት ልናደምጣቸው ይገባል።

የመጀመሪያው «አንዱን ለመርዳት ስንል ሌሎቹን እንጎዳለን» የሚል ነው። በአንድ ክፍል ከ50 በላይ ልጆች በተቀመጡበት አንድ መምህር ጊዜውን ሁሉ ለአንድ ተማሪ ቢሰጥ ሌሎቹ በእርግጥ ይጎዳሉ። የእነርሱም ወላጆች መብት አላቸው። ሆኖም መምህሩ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ ቀስ ብሎ ሲናገር፣ የጻፈውን ደግሞ በቃሉ ሲያነበው፣ አንዱን ነገር በሁለት ምሳሌ ሲያስረዳ፣ ጥሩ ጆሮ ያለውም ልጅ ይጠቀማል። ከዚህም በላይ ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ደካማ የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይበልጥ የሚያስፈልጉ መሆናቸውን አስተምሯል። ከማይሰማ ጓደኛው ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጦ ትዕግሥትን ያልተማረ ልጅ በሃይማኖት ትምህርት ጥያቄ ወረቀት ላይ ስለ ፍቅር ቢጽፍ ምን ይረባዋል?

ሁለተኛው «የሠለጠነ መምህር የለንም፤ ገንዘብም የለንም» የሚል ነው። ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ከሚያስፈልገው ድጋፍ ከፍተኛው ክፍል ገንዘብ አይጠይቅም። በደንብ የማያይ ልጅ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ጽሑፉም በጉልህ ይጻፍለት። የከንፈር እንቅስቃሴ እያየ ለሚረዳ ልጅ መምህሩ መስኮቱን ከኋላው አድርጎ አይቁም፤ ብርሃኑ በፊቱ ላይ ይውደቅ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሮም አይናገር። ለመጻፍ የሚዘገየው ልጅ በፈተና ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው፤ ወይም በቃል ይጠየቅ። በእግሩ የማይሄድ ልጅ ያለበት ክፍል ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ይውረድ። የሚጥል በሽታ የሚነሣበት ልጅ በጎኑ ይተኛ፤ በአፉ ምንም አይግባበት፤ ክብሪት እየጫሩ ማሽተት ጥቅም የለውምና ይቅር፤ መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና ጓደኞቹ አይሽሹት። እነዚህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የመምህራን አንድ ስብሰባና ቅን ልብ ነው። የብሬል ጽሕፈት መሣሪያ፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር፣ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ግን ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃሉ። ስለ እነርሱ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ሦስተኛው «ለእርሱስ ልዩ ትምህርት ቤት ይሻለዋል» የሚል ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ ከፍቅር የሚነገር ምክር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በጨዋ ቃል የተሸፈነ መመለስ ነው። ልዩ ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል የታወቀ ነው። የሰብአዊ መብት ተከራካሪዋ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመት ዕድሜዋ የዓይንዋን ብርሃን ካጣች በኋላ ትምህርትዋን የጀመረችው በሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም በመደበኛ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለመቀበል በቅታለች። በእርስዋ ሕይወት ልዩው ትምህርት ቤት ወደ መደበኛው ያሻገረ ድልድይ ሆነ። በአዲስ አበባም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን በአግባቡ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል መሥርተዋል። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን አንዲት እናት ልጅዋን ለማስተማር ራስዋ ትምህርት ቤት መክፈት ቢያስፈልጋት ለቀረነው ወቀሳ አይሆንብንም?

ስለዚህ ነገር ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው እንዴት እንደረዳው እንመልከት። አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው። መስማት የማይችለውን ሰው በቃል ብቻ አላነጋገረውም፤ ጆሮውን በጣቱ ነካ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ አየ። ሰውየው ሊያየውና ሊረዳው በሚችለው ምልክት ተናገረው። ለብቻው መርዳት የተገባው ጊዜ እንዳለ ይህ ያስተምረናል። ነገር ግን የመለየቱ ፍጻሜ ሰውየው በሰዎች መካከል ሆኖ አጥርቶ መናገሩ ነበር። እንግዲህ ልዩ ትምህርት ቤትም ሆነ ልዩ ክፍል የሚመዘነው በዚህ ነው፦ ወደ ማኅበሩ ይመልሰዋል ወይስ ከማኅበሩ ያርቀዋል?

ያለ ድጋፍ መቀበል

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደርሰናል። በሩን መክፈት መልካም ነው ካልን በኋላ ርኅራኄ የሚመስል አንድ ስሕተት እንዳለ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ ሕፃኑን እንቀበለዋለን፤ ስሙን በመዝገብ እንጽፋለን፤ ዩኒፎርም እናለብሰዋለን፤ ከዚያም በክፍሉ ጥግ እናስቀምጠዋለን። መምህሩ አይጠይቀውም፤ ደብተሩ አይታረምም። በዓመቱ መጨረሻ «በርኅራኄ» ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል፤ ወይም «ሞክረን አቃተን» ተብሎ ይሰናበታል። ይህ ልጅ ከበሩ ከተመለሰው ልጅ ይልቅ የተጎዳበት ነገር አለ። በበር የተመለሰው ትምህርት ቤቱ እንዳልተቀበለው ያውቃል፤ በጥግ የተቀመጠው ግን ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ እያመነ ያድጋል።

መቀበል ቃል ኪዳን ነው። ሕፃን ስናጠምቅ አስተዳደጉን ቸል ብንል በጥምቀቱ ላይ እንደምንዘብት ሁሉ፣ ተማሪ መዝግበን የሚማርበትን መንገድ ባናዘጋጅለት በገባነው ቃል ላይ እንዘብታለን። ስለዚህ መቀበልና መደገፍ ሁለት ምግባሮች አይደሉም፤ አንድ ምግባር ናቸው። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. በሕግ ቁጥር 517 የአካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ወደ መደበኛ ክፍል ስታስገባ በዚያው ሕግ ደጋፊ መምህር እንዲመደብላቸውና እነርሱ ያሉበት ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥ ደንግጋለች። እኛ የኢጣልያ ሀብት የለንም፤ ነገር ግን በሩና ድጋፉ በአንድ ጊዜ መታሰብ እንዳለባቸው ከዚህ ልንማር እንችላለን።

ትምህርት ቤቱ በእውነት የማይችልበት ጊዜስ? ማንም ከዐቅሙ በላይ ግዴታ የለበትም፤ ይህ የታወቀ የግብረ ገብ ሕግ ነው። ነገር ግን «አልችልም» የሚለው ቃል እውነተኛ እንዲሆን ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ርእሰ መምህሩ የሕፃኑን ጉድለት ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ጉድለት ይናገር። «ልጅሽ አይሆንም» ከማለት ይልቅ «እኛ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር የለንም» ይበል። ይህ የቃል ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ እውነቱ ያለው በዚያ ነውና። ሁለተኛ፣ እናቲቱን ባዶ እጅዋን አይስደዳት፤ የት መሄድ እንዳለባት ጠይቆ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ የሚቻል ከሆነ ሰው ጨምሮ ይላካት። ሦስተኛ፣ ዘንድሮ ያቃተውን ነገር ለከርሞ ለማሟላት አንድ እርምጃ ይጀምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ለአሥር ዓመት ሳይለወጥ የተደገመ «አልችልም» ግን ከጊዜ በኋላ «አልፈልግም» ከሚለው አይለይም።

ጣራውን ያነሡት ሰዎች

እስካሁን ስለ ትምህርት ቤት ኀላፊዎች ብዙ ተናገርን። ቁምስናችንና ካቴኪስቶቻችንስ? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ወደ ጌታ አመጡት። በሩን የዘጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃሉን ለመስማት የመጣው ሕዝብ ራሱ ነበር። ለመልካም ነገር የተሰበሰበ ሕዝብ ሳያስበው ለሌላው እንቅፋት መሆን ይችላል። አራቱ ሰዎች ግን አልተመለሱም፤ ጣራውን አንሥተው አወረዱት። ጌታችንም ስለ ፈረሰው ጣራ አንድም ቃል ሳይናገር እምነታቸውን አየ። ይሁን እንጂ ጣራው የአንድ ሰው ጣራ ነበር፤ ለመጠገንም ወጪ ጠይቋል። ፍቅር ያለ ወጪ እንደማይፈጸም ወንጌሉ አይደብቅብንም።

እንግዲህ ቀደም ብለን ያቆየነው የወጪ ነገር እዚህ መልስ ያገኛል። መወጣጫውን ለማሠራት፣ አንዱን መምህር ለሥልጠና ለመላክ፣ የብሬል ወረቀት ለመግዛት የሚያስፈልገውን ገንዘብ በአንድ ርእሰ መምህር ወይም በተጎዳችው እናት ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ተሸካሚዎቹ አራት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ አንዱን ጫፍ ቢይዝ፣ ቁምስናው ሁለተኛውን፣ የሌሎቹ ተማሪዎች ወላጆች ሦስተኛውን፣ ሀገረ ስብከቱ አራተኛውን ቢይዙ አልጋው ይነሣል። ጡብ መደርደር የሚችሉ ግንበኞች በየቁምስናው አሉ፤ ዓይነ ስውር ተማሪ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ የሚያነቡለት ወጣቶችም በየመዘምራኑ ማኅበር አሉ።

ከዚህም በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ብዙዎቹ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤቱ በር እንኳ አይደርሱም፤ በጓዳ ተሸሽገው ይኖራሉና። ወላጆቻቸው የሰው አፍ ይፈራሉ፤ አንዳንዶቹም መከራው የኀጢአታቸው ቅጣት ወይም የእርግማን ውጤት ይመስላቸዋል። ደቀ መዛሙርቱም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነበር። ጌታችን ግን እርሱም ወላጆቹም ጥፋተኞች እንዳልሆኑ በግልጽ ተናግሮ፣ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ መሆኑን አስተማራቸው። ይህን ቃል ወደ እያንዳንዱ ጓዳ የማድረስ አደራ ያለው ካቴኪስቱ ነው። ቤት ለቤት ሲዞር ያልተቈጠረ ልጅ እንዳለ የሚያውቀው እርሱ ነውና፣ ከምዝገባው ወራት በፊት ወላጆችን አነጋግሮ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቢያገናኛቸው ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

በገዛ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችንም ምርመራ ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ከቅድስት መንበር የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያ የአካል ጉዳተኞች ትምህርቱን ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው አብሳሪዎች እንዲሆኑ ይጠራል። ጥያቄና መልሱን በቃሉ መያዝ ያልቻለን ልጅ ለዓመታት ከቅዱስ ቁርባን እናዘገየዋለንን? ወይስ በሥዕል፣ በመዳሰስ፣ በዝማሬና በምልክት ልናስተምረው ሞክረናል? ትምህርት ቤቱን ከመውቀሳችን በፊት በእሑድ ክፍላችን ያለው ወንበር ለማን እንደተሰጠ እንመልከት።

በመጨረሻም

አንዳንዱ ሕፃን ብዙ ከደከምንለት በኋላም ዶክተር ወይም መሐንዲስ አይሆንም። ስሙን መጻፍ፣ ልብሱን መልበስ፣ ሰላምታ መስጠት፣ አባታችን ሆይ ማለት ብቻ ተምሮ ሊቀር ይችላል። ታዲያ ድካማችን ከንቱ ነውን? የሰው ዋጋ በሚያስገኘው ጥቅም የሚለካ ቢሆን ኖሮ ከንቱ በሆነ ነበር። እኛ ግን የሰው ክብር በእግዚአብሔር አርአያ ከመፈጠሩ መሆኑን እናምናለን፤ ስለዚህ ለአንድ ሕፃን ስሙን መጻፍ ማስተማር በራሱ ሙሉ ሥራ ነው። ትምህርት ቤቶቻችንም በብሔራዊ ፈተና ባሳለፏቸው ተማሪዎች ብዛት መመስገናቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ካቶሊካዊ ያሰኛቸው ነገር የሚታወቀው ማለፍ የማይችለውን ልጅ በያዙበት አያያዝ ነው።

የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሳይጀመር በእያንዳንዱ ቁምስና ቆሞሱ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ካቴኪስቱና የወላጆች ተወካይ አንድ ቀን ተቀምጠው ሦስት ጥያቄ ይጠያየቁ ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን፦ በአካባቢያችን ከትምህርት የቀረው ሕፃን ማን ነው? ዘንድሮ ልንቀበለው የምንችለው የትኛውን ነው? ከተቀበልነውስ በኋላ ከመስከረም እስከ ሰኔ በየቀኑ የሚረዳው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም እስኪገኝ ድረስ ስብሰባው አይበተን።

ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳይቀርቡ የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት የገሠጸ ጌታ ትምህርት ቤቶቻችንን ይባርክ፤ የሚሸከሙትንም ትከሻ ያበርታ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።